የጥብቅና ፈቃድ ከፈተናና ከልምድ ደብዳቤ በላይ ይጠይቅ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ ስለ ፍትሕ ሥርዓታችን በተጻፈ ቁጥር ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ በዳኞች ነፃነት፣ በመዝገብ መከማቸትና በቀጠሮ መርዘም ላይ ያተኩራል። ሊነሡ የሚገባቸው ናቸውና ቅሬታ የለኝም። ይሁን እንጂ መዝገብ የሚከማቸውም ቀጠሮ የሚረዝመውም በከፊል ባለጉዳይን ወክለን ችሎት የምንቆመው ሰዎች ሥራውን በተግባር ሳንማር ወደ ሥራው ስለምንገባ መሆኑ እምብዛም አይነሣም። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች በጥብቅና የምሠራ ባለሙያ እንደመሆኔ፣ አዲስ ጠበቃ ወደ ሙያው የሚገባበት መስፈርት እንዴት ቢስተካከል እንደሚሻል ያለኝን አስተያየት ለአንባቢዎቻችሁና ለሚመለከታቸው አካላት ለማቅረብ ይህን ጽፌያለሁ።

ቀድሞ ሲሠራበት የነበረው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጠበቆች ፈቃድ አሰጣጥና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 199/1992 የሕግ ዲግሪ ያለው አመልካች በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለመቆም የሁለት ዓመት፣ በሁሉም የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለመቆም ደግሞ የአምስት ዓመት የሥራ ልምድ እንዲኖረው ይጠይቅ ነበር። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ብዙ ነገር አሻሽሏል። ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ ፈቅዷል፣ የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን በሕግ አቋቁሟል፣ ተከታታይ የሕግ ሥልጠናንም የጠበቃው ግዴታ አድርጓል። ይህ ሁሉ ሊመሰገን ይገባዋል። በመግቢያው ላይ ግን መለኪያዎቹ ዞሮ ዞሮ የቀድሞዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ በወረቀት የሚሰጥ ፈተናና የሥራ ልምድ ማስረጃ።

የልምድ ማስረጃው ምን ያስረዳል? አንዱ አመልካች በባንክ የሕግ ክፍል የብድርና የመያዣ ውሎችን ሲመረምር ቆይቷል፤ ሌላው በአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት የሕግ አስተያየት ሲጽፍ ነበር፤ ሦስተኛዋ ዐቃቤ ሕግ ሆና በየቀኑ ምስክር ስታሰማ ኖራለች። ማስረጃቸው ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ሦስቱም እኩል ናቸው። የመጀመሪያው በእነዚያ ዓመታት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ችሎት ገብቶ ላይሆን ይችላል፣ ፈቃዱን ካገኘ በኋላ ግን በማግሥቱ በግድያ የተከሰሰን ሰው ወክሎ ለመቆም የሚከለክለው ነገር የለም። ደብዳቤው የሚናገረው ሰውየው የት እንደተቀመጠና ለስንት ጊዜ ደመወዝ እንደተከፈለው ነው። ምን እንደሠራ፣ የሠራውንም ማን አይቶ እንዳረመው አይናገርም።

ፈተናውም ቢሆን ዕውቀትን እንጂ ችሎታን አይለካም። የሕግ ተማሪዎች በሌሎች የትምህርት ዘርፎች ያሉ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና ምን እንደሆነ ሳያውቁት ከ2003 ዓ.ም. አንሥቶ ሲፈተኑ ቆይተዋል፤ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የተዳረሰው በ2015 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ለጥብቅና ፈተና የሚቀመጠው ሰው የድንጋጌዎችን ይዘት ማወቁ ቀደም ብሎ ተረጋግጧል። ሁለተኛው ፈተና ያንኑ ደግሞ ከሚጠይቀው ይልቅ የመጀመሪያው ሊጠይቀው የማይችለውን ቢጠይቅ ይሻል ነበር።

ዕውቀትና ችሎታ እንዴት እንደሚለያዩ ለማሳየት ይርጋን፣ ማለትም በሕግ የተወሰነ ጊዜ ክስ ሳይቀርብ ሲያልፍ ጥያቄው የሚታገድበትን ደንብ፣ ልጥቀስ። የሕግ ተመራቂ ሆኖ ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት የሚቀርብ የካሳ ጥያቄ በመርሕ ደረጃ በሁለት ዓመት፣ የተለየ ጊዜ ያልተቀመጠለት የውል ጥያቄ ደግሞ በአሥር ዓመት በይርጋ እንደሚታገድ የማያውቅ የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዳኞች ይርጋን በራሳቸው አነሣሽነት ሊያነሡ እንደማይችሉ መደንገጉንም ተምሮታል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ይርጋን ወደ ክሱ ፍሬ ነገር ከመገባቱ በፊት ከሚነሡት የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያዎች መደዳ እንዳስቀመጠው፣ በመጀመሪያው አጋጣሚ ያልተነሣ መቃወሚያም በመርሕ ደረጃ እንደተተወ እንደሚቆጠር ያውቃል። ሦስቱንም ለየብቻ ቢጠየቅ ይመልሳል።

አሁን አንድ ባለጉዳይ ቢሮው መጣ እንበል። ቤት ሲያስገነባ የጎረቤቱን ግድግዳ ሰንጥቀሃል ተብሎ ተከስሷል። ሰውየው የሚያወራው ስለ ግድግዳው አሮጌነት፣ ስለ ጎረቤቱ ክፋት፣ በሽማግሌ ስለተደረገው ድርድር ነው፤ ስንጥቁ የታየው መቼ እንደሆነ ካልተጠየቀ አይናገርም፣ ቢናገርም «ከበዓሉ በፊት» ብሎ ያልፈዋል። ልምምድ ያለው ጠበቃ ወሬውን በትዕግሥት አስጨርሶ መጀመሪያ ቀኑን ይፈልጋል፤ ከወረዳው የተጻፈ ደብዳቤ፣ የፎቶግራፍ ቀን፣ የሽማግሌዎቹ ቃለ ጉባኤ ካለ ያስመጣል። አዲሱ ጠበቃ ግን ባለጉዳዩ በተናገረው ቅደም ተከተል ስለ ግድግዳው አሮጌነት ሦስት ገጽ ክርክር ጽፎ መልሱን ያስገባል። ሁለቱ ዓመት ካለፈ ስምንት ወር እንደሆነው የሚታወቀው ምስክር ሲሰማ ነው። ያኔ ፍርድ ቤቱ ዝም ማለት ግዴታው ነው፤ በይግባኝ ላንሣው ቢባልም በሥር ፍርድ ቤት ያልተነሣ አዲስ ክርክር ነው ተብሎ ይመለሳል። ግድግዳው የተሰነጠቀበት ጎረቤት ካሳውን ማግኘቱ ፍትሕ ነው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል፣ እኔም በልቤ አልቃወመውም። ነገር ግን ያው ጠበቃ በማግሥቱ ያለአግባብ ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ወክሎ ከአሠሪው ጋር ደብዳቤ ሲጻጻፍ ወደ ሥራ ለመመለስ ክስ የሚቀርብበትን የሦስት ወር ጊዜ ያሳልፍበታል። ያን ጊዜ የሚጎዳው ደሞዝተኛው ነው፤ ጠበቃውን የሚከስበት ገንዘብም ትዕግሥትም አይተርፈውም።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ የጎደለው የሕግ ዕውቀት አይደለም፤ ከሰው ወሬ ውስጥ ፍሬ ነገርን አበጥሮ የማውጣት ልማድ ነው። ይህ ልማድ ደግሞ ምርጫ አክብበው በሚሉት ጥያቄ አይፈተንም።

ሁለተኛው ክፍተት የቋንቋ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። የሕግ ትምህርት ቤቶቻችን የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው አምስት ዓመት ሙሉ በእንግሊዝኛ ያነባል፣ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ የመመረቂያ ጽሑፉንም በእንግሊዝኛ ያቀርባል። ከተመረቀ በኋላ በፌዴራል ችሎት የሚቆመው በአማርኛ ነው፣ በኦሮሚያ በአፋን ኦሮሞ፣ በሌሎቹም ክልሎች በየሥራ ቋንቋቸው ነው። በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጡ የፌዴራል ሕጎች በአማርኛውና በእንግሊዝኛው ቅጂ መካከል ልዩነት ሲኖር የበላይነት ያለው አማርኛው መሆኑ በሕግ የተደነገገ ነው፤ ተማሪው ግን ሲያጠና የኖረው የበታቹን ቅጂ ነው። ውጤቱ በየሬጅስትራሩ ይታያል። የክሱ ምክንያት ከየት እንደሚጀምር የማይታወቅበት፣ የሚጠየቀው ዳኝነት በዝርዝር ያልተቀመጠበት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ገጽ ተኩል የሚሄድበትና የማስረጃው ዝርዝር ከየትኛው ፍሬ ነገር ጋር እንደሚያያዝ የማይለይበት የክስ ማመልከቻ ይቀርባል፤ ይሻሻል ተብሎ ይመለሳል፤ ቀጠሮ ይሰጣል። በአንጻሩ በፍርድ ቤት አጥር ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አንዳንዶቹ የአምስት ዓመት የሕግ ትምህርት ሳይኖራቸው ከብዙ ተመራቂ የተሻለ ንጹሕ አማርኛ ይጽፋሉ። ይህን የምለው ተመራቂውን ለማሳፈር አይደለም፤ ማንም ያላስተማረውን ሊያውቀው አይችልም።

ትምህርት ቤቶቹ ምንም አላደረጉም ማለት ግን ግፍ ይሆናል። በ1956 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ የመጀመሪያው የሕግ ፋኩልቲ ከተከፈተ ወዲህ ለረጅም ጊዜ ብቻውን የነበረው ትምህርት ቤት ዛሬ በየክልሉ አቻዎችን አግኝቷል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተደረገው የሕግ ትምህርት ማሻሻያም የልምምድ ችሎትን፣ በፍርድ ቤትና በዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሚደረግ የተግባር ቆይታንና ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትን ወደ ሥርዓተ ትምህርቱ አስገብቷል። በእነዚህ ማዕከላት ያለፉ ወጣቶች ከሌሎቹ ይለያሉ፤ ባለጉዳይ ፊት ሲቀመጡ አይደነግጡም። ችግሩ ቆይታው አጭር መሆኑ፣ ተማሪው ብዙ ጊዜ ተመልካች ሆኖ መቅረቱና የሚቀበለው መሥሪያ ቤትም ፋይል ከማመላለስ ያለፈ ሥራ አለመስጠቱ ነው። ደግሞም ጠበቃን ለሙያው ሙሉ በሙሉ የማብቃት ሸክም በዩኒቨርሲቲ ትከሻ ላይ ብቻ መጫን አይገባም። ይህ የሙያ ማኅበሩ ሥራ ነው።

በአገራችን ሙግት ከመጽሐፍ ብቻ የተማሩት ሙያ ሆኖ አያውቅም። ፍትሐ ነገሥት የሚያጠና ደቀ መዝሙር ከመምህሩ እግር ሥር ዓመታት ይቀመጥ ነበር፤ በላ ልበልሃ ባይ ተሟጋችም ዋስ አጠራሩን፣ አጠያየቁንና አመላለሱን የሚለምደው ከዳኛ ፊት የሚቆሙትን ታላላቆች እያየ ነበር። ዘመናዊው ጥብቅና ይህን ሰንሰለት ቆረጠው ማለት ይቻላል። እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ ጠበቃ የሚሠራው ለየብቻው ስለነበረ ወጣቱ የሚገባበት፣ ታላቁ የሚያርምበት ቢሮ በሕግ የታወቀ መልክ አልነበረውም። ዕድለኛው በአንድ ጠበቃ ቢሮ ረዳት ሆኖ ይገባና የፍርድ ግልባጭ ያስወጣል፣ ቀጠሮ ይጠይቃል፣ አንዳንዴም ረቂቅ ይጽፋል፤ የማረሙ ነገር በታላቁ ጠበቃ ደግነትና ጊዜ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ዛሬ የጥብቅና ድርጅቶች ስለተፈቀዱ ልምምድን በሥርዓት ለማደራጀት ከቀድሞው የተሻለ አጋጣሚ አለ።

ደግሞ ልብ በሉ፤ ለዳኝነትና ለዐቃቤ ሕግነት የሚታጩ ሰዎች በፌዴራልም በክልልም በተቋቋሙ የፍትሕ ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ተቋማት የቅድመ ሥራ ሥልጠና የሚወስዱበት አሠራር አለ። በአንድ ችሎት ውስጥ ከሚገናኙት ሦስት ባለሙያዎች ሁለቱ ሠልጥነው ሲመጡ ሦስተኛው በራሱ ጥረት እንዲደርስባቸው ይጠበቃል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ለተከሰሰ ሰው በጠበቃ የመወከል መብት ሲሰጥ ለይስሙላ ከጎኑ የሚቆም ሰው እንዲኖረው አስቦ አይመስለኝም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መስቀለኛ ጥያቄ፣ ማለትም ተቃራኒው ወገን ለምስክሩ የሚያቀርበው ጥያቄ፣ የምስክሩን ስሕተት፣ ጥርጣሬና ሐሰት ለፍርድ ቤቱ ለማሳየት እንደሚቀርብ ይናገራል፤ በመስቀለኛ ጥያቄ ምስክሩ በዋና ጥያቄ የተናገረውን ደግሞ በማስደገም ደንበኛውን ይበልጥ የሚያስወነጅል ጠበቃ ግን በየወንጀል ችሎቱ ያጋጥማል።

ከውጭ ተሞክሮ ሁለቱን ብቻ ላንሣ። በጀርመን ዳኛም፣ ዐቃቤ ሕግም፣ ጠበቃም የሚሆነው ሰው ከመጀመሪያው የመንግሥት ፈተና በኋላ ለሁለት ዓመት በፍርድ ቤት፣ በዐቃቤ ሕግ ቢሮ፣ በአስተዳደር መሥሪያ ቤትና በጠበቃ ቢሮ እየተዘዋወረ ይለማመዳል፤ በዚያ ጊዜ መንግሥት መተዳደሪያ ይከፍለዋል፤ ከዚያ በኋላ ሁለተኛውን ፈተና ይወስዳል። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ ተመራቂውን በኬንያ የሕግ ትምህርት ቤት የጠበቆች ሥልጠና አስገብታ ታስፈትነዋለች፤ ልምድ ባለው ጠበቃ ሥርም የስድስት ወር ልምምድ ታስደርገዋለች። የጀርመኑን ለመገልበጥ አቅማችን አይፈቅድም። የኬንያውም ቢሆን በክፍያው ውድነትና በሚወድቁት ብዛት ሲያስወቅስ የኖረ ስለሆነ እንዳለ አይወሰድም፤ ከእሱ መወሰድ ያለበት ልምምዱ በጠበቃ ሥርና በጠበቃ ኃላፊነት መሆኑ ነው።

እኔ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። አሁን በልምድ ማስረጃ ከሚጠየቀው ጊዜ ውስጥ አንዱ ዓመት በተመዘገበ አሠልጣኝ ጠበቃ፣ በጥብቅና ድርጅት፣ በተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት ወይም በነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል በሚደረግ ቁጥጥር ያለበት ልምምድ ይተካ። ተለማማጁ የልምምድ መዝገብ ይኑረው፤ በመዝገቡም ያነጋገራቸው ባለጉዳዮች ማስታወሻ፣ ያረቀቃቸው የክስ ማመልከቻዎች፣ መልሶችና መቃወሚያዎች ከነእርማታቸው፣ የተከታተለው አንድ ይግባኝ፣ ከፍርድ እስከ አፈጻጸም የሄደበት አንድ መዝገብ ይስፈሩ። አፈጻጸምን ለይቼ የጠቀስሁት በትምህርት ቤት እንደ ተረፈ ነገር ስለሚታለፍ ነው፤ ባለጉዳይ ግን የሚፈልገው ፍርዱን ሳይሆን ገንዘቡን ነው። ተለማማጁ በችሎት አፉን ሳይከፍት ዓመቱ ካለቀ ልምምዱ ከንቱ ስለሚሆን በአሠልጣኙ ጠበቃ ኃላፊነትና እሱ በተገኘበት ምስክር ለመጠየቅና ቀላል አቤቱታ ለማሰማት የሚያስችል ውሱን ፈቃድ ይሰጠው። ለዚህ የሕግ መሠረት ያስፈልገዋል፤ ባለሙያዎቹ በመመሪያ ይበቃል ወይስ አዋጁ ይሻሻል የሚለውን መርምረው ይወስኑ።

የመጨረሻው ምዘናም በወረቀት ብቻ አይሁን። ተመዛኙ ባለጉዳይ ሆኖ የተዘጋጀን ሰው ያነጋግር፤ ከተሰጡት የተዘበራረቁ ሰነዶች ተነሥቶ ፍርድ ቤቱ በሚሠራበት ቋንቋ የክስ ማመልከቻና የማስረጃ ዝርዝር ያርቅቅ፤ ለተያዘው ጭብጥ አስገዳጅ የሆነ የሰበር ውሳኔ መኖሩን ፈልጎ ያግኝ፤ አንድ ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ ይጠይቅ። ስለ ሙያ ሥነ ምግባርም ደንቡ ምን ይላል ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ የጥቅም ግጭት ያለበትን ጉዳይ ሰጥቶ ሲቀበል ወይም ሲመልስ ማየት ይበልጣል። የሚያልፍበት መስፈርት ቀድሞ ታትሞ ይውጣ፤ የወደቀም ምን ጎድሎት እንደወደቀ በጽሑፍ ይነገረው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ አውቃለሁ። አንደኛው ነባር ጠበቆች ገበያውን ለራሳቸው ለማጠር የሚያመጡት ዘዴ ነው የሚል ነው። ጥርጣሬው መሠረት የለውም አልልም፤ እኔም ነባር ከሚባሉት ነኝ፣ የአዲስ ተወዳዳሪ ቁጥር ቢቀንስ ኪሴ አይጎዳም። ስለዚህ ነው ልምምዱ አሁን ባለው የልምድ ጊዜ ላይ የሚጨመር ሳይሆን ከዚያው ውስጥ የሚቆረስ እንዲሆን፣ የመዛኞቹ ስብስብም ከማኅበሩ ብቻ ሳይሆን ከዳኞች፣ ከሕግ መምህራንና ከፌዴራል የፍትሕና የሕግ ኢንስቲትዩት የተውጣጣ እንዲሆን የምፈልገው።

ሁለተኛውና የከበደው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ልምምዱ ያለ ክፍያ ከሆነ የሚለማመደው አዲስ አበባ ቤተሰብ ያለው፣ ዓመት ሙሉ የሚጦረው የማያጣ ብቻ ይሆናል። ከጎንደር፣ ከጅማ ወይም ከሐረማያ ተመርቃ የመጣች የገበሬ ልጅ ከመጀመሪያው ትገፋለች። ይህ ከሚሆን አሁን ያለው ሥርዓት ይቀጥል ብል እመርጣለሁ። የጥብቅና ድርጅቶች ለሚያሠለጥኑት ሰው ዝቅተኛ መተዳደሪያ እንዲከፍሉ ግዴታ ቢገቡ፣ ማኅበሩ ከአባላት መዋጮ የተወሰነውን ለዚህ ቢለይ፣ አሠልጣኝ ጠበቃም ለማሠልጠን ያዋለው ሰዓት ከነፃ አገልግሎት ግዴታውና ከተከታታይ ሥልጠናው ላይ ቢታሰብለት ሸክሙ ይከፋፈላል። በየክልሉ ባሉ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት የሚደረግ ልምምድ በፌዴራልም እንዲታወቅ ማድረግ ደግሞ ሁሉም ወደ አዲስ አበባ እንዳይጎርፍ ይረዳል፤ የተከላካይ ጠበቃ እጥረት ያለባቸው ቦታዎችም እጅ ያገኛሉ።

አሠልጣኝ ከየት ይመጣል የሚለውን በአጭሩ ልመልስ። ሁሉም ነባር ጠበቃ ለማሠልጠን የሚበቃ አይደለም፤ በሙያው ሃያ ዓመት የቆየና ሃያ ዓመት አንድ ዓይነት ማመልከቻ ሲገለብጥ የኖረ ባልደረባ ሁላችንም እናውቃለን። አሠልጣኝነት ተመልክቶ የሚሰጥ ምዝገባ መሆን አለበት፣ የዲሲፕሊን ጥፋት ያለበትም፣ ለተለማማጁ የእርማት ማስታወሻ የማይጽፍም ከመዝገብ ሊሠረዝ ይገባዋል። በጥቂት አሠልጣኞችና በጥቂት ተለማማጆች ተጀምሮ በዓመቱ ቢገመገም ሁሉን በአንድ ጊዜ ከማወጅ ይሻላል።

ፍትሕ ሚኒስቴርና የፌዴራል ጠበቆች ማኅበር አስቀድመው ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ነገር አለ፣ እሱም አዋጅ አይጠይቅም፤ አዲስ ጠበቃ ፈቃድ ሲቀበል ምን መሥራት መቻል እንዳለበት የሚዘረዝር የብቃት መስፈርት አርቅቀው ለአባላት፣ ለሕግ ትምህርት ቤቶችና ለፍርድ ቤቶች አስተያየት እንዲያቀርቡት እጠይቃለሁ። ከረቂቁ ዝግጅት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ ለመሥራት ፈቃደኛ የሆንን ጠበቆች አለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጠበቃ
አዲስ አበባ